የልደታ ፈታዮችና የ1928ቱ ጭንብል

ቅዳሜ ጠዋት እኛ ብሎክ አጠገብ ባለው የጋራ መገልገያ ቤት በረንዳ ላይ ስድስት ሰባት ሴቶች ይቀመጣሉ። ኮንዶሚኒየም የኖረ ሰው ይህን ቤት ያውቀዋል። ሲሠራ ለእርድ፣ ለእንጀራ መጋገሪያ፣ ለሠርግና ለሐዘን ተብሎ ነው። በዓል ከሌለ ግን ቅዳሜ የነሱ ነው። አንዷ ጥጥ ታባዝታለች፣ ሁለት ሦስቱ ይፈትላሉ፣ አንዷ የልጅ ልጇን ዩኒፎርም ጉልበቱ ላይ ትጥፋለች፣ ሌላዋ የጋቢ ዘርፍ ትቋጫለች። አያቴ፣ ሁላችንም እማማ የምንላት፣ ግድግዳውን ተደግፋ መሃል ላይ ናት። ስብሰባው ስም የለውም። ዕድር አይደለም፣ ዕቁብም አይደለም፣ የፅዋ ማኅበርም አይደለም። "ለፈትል ወረድኩ" ብላ ትወርዳለች፣ በቃ።

እኔ ሶፍትዌር ነው የምሠራው። ቤት ውስጥ መብራት ወይም ኔትወርክ ሲጠፋ ላፕቶፔን ይዤ እወርድና ከነሱ ጋር እቀመጣለሁ። አንድ ቅዳሜ ስለ ጣሊያን ወረራ ስልኬ ላይ እያነበብኩ ነበር። በ1928 ዓ.ም. ልዕልት ፀሐይ የአዲስ አበባን ሴቶች ሰብስበው ለዘማቹ የመርዝ ጋዝ መከላከያ ጭንብል ማሰፋታቸው ላይ ስደርስ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር። መርካቶ ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጥልፍ ሲጠልፉ የኖሩ አንዲት እናት መርፌያቸውን ሳያቆሙ "ማን ሰፋው?" አሉኝ።

"ልዕልት ፀሐይ።"

"እሳቸውማ አሰፉ። ማን ሰፋው ነው ያልኩህ።"

መልስ አልነበረኝም። ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት በዚያ ጥያቄ ምክንያት ነው።

*

ታሪኩን ከመጀመሪያው እንየው። ጦርነቱ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ከመጀመሩ በፊት አዲስ አበባ መምጣቱን አውቃ ነበር። ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ተቋቋመ። በዚያው ሰሞን፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1935፣ የኢትዮጵያ ሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር በእቴጌ መነን የበላይ ጠባቂነት ተመሠረተ። ሥራውን ከፊት ሆነው የመሩት ልዕልት ፀሐይ ነበሩ። የተወለዱት በ1919 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ያኔ ገና የ16 ዓመት ልጅ ናቸው። የእንግሊዙ ሚኒስትር የሰር ሲድኒ ባርተን ባለቤት ሌዲ ባርተንም አብረዋቸው ነበሩ። ሴቶቹ ለቁስለኛ ፋሻ ያዘጋጃሉ፣ ለዘማች ልብስ ይሰፋሉ። እስከዚህ ድረስ በየትኛውም አገር በጦርነት ጊዜ ሴቶች የሚሠሩት ሥራ ነው።

ታኅሣሥ ላይ ነገሩ ተቀየረ። የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ተከዜ ዳር በነበረው የራስ እምሩ ጦር ላይ የሰናፍጭ ጋዝ የያዘ ቦምብ ጣሉ። ቀጥሎ በነበሩት ወራት ከአውሮፕላን ላይ እንደ ዝናብ ማርከፍከፍም ጀመሩ። መርዙን በመቃወም ዓለም የፈረመችው የጄኔቫ ስምምነት ገና የአሥር ዓመት ዕድሜ ነበረው፤ ኢጣሊያም ፈራሚ ነበረች። የኢትዮጵያ ጦር የጋዝ ጭንብል አልነበረውም፣ ከውጭ ገዝቶ በጊዜ ለማድረስም አቅምና መንገድ አልነበረም። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ፋሻ ሲጠቀልሉ የነበሩ እጆች ወደ ጭንብል ዞሩ። ጭንብል ስል ፋብሪካ የሠራውን የላስቲክና የማጣሪያ ዕቃ እንዳታስቡ። ጭንቅላት ላይ የሚጠለቅ፣ በመርፌና በክር የተሰፋ የጨርቅ ከረጢት ነው።

እዚህ ላይ አንድ መራራ ነገር አለ፣ ማለፍ አልፈልግም። የሰናፍጭ ጋዝ ስሙ ጋዝ ይባል እንጂ ፈሳሽ ነው። ቅጠል ላይና መሬት ላይ ለቀናት ይቆያል፣ ልብስ አልፎ ይገባል፣ ቆዳን ያቃጥላል። ጭንብል ዓይንንና ሳንባን ቢያተርፍ እንኳ በባዶ እግሩ የሚሄድን ዘማች እግር አያተርፍም። የቀይ መስቀል ተወካይ የነበረው የስዊዘርላንዱ ሐኪም ማርሴል ዡኖ ኮረም ላይ በመርዙ የተቃጠሉትን ዘማቾች በዓይኑ አይቶ ጽፏል። ስለዚህ እነዚያ ሴቶች የሰፉት ነገር ከታሰበለት መርዝ ግማሹን እንኳ አይመክትም ነበር። ይህ የስፌቱ ጉድለት አይደለም። የትኛውም ስፌት የማይመክተው ነገር ነው ከሰማይ የወረደው።

ኢጣሊያ መርዙን መጠቀሟን ለረጅም ጊዜ ክዳ ኖራለች። በጦርነቱ የተሳተፈው ዝነኛው ጋዜጠኛ ኢንድሮ ሞንታኔሊ "አልነበረም" ሲል፣ የታሪክ ጸሐፊው አንጄሎ ዴል ቦካ ደግሞ ሰነድ እያወጣ ሲሞግተው ዓመታት አለፉ። በመጨረሻ በ1996 እ.ኤ.አ. የኢጣሊያ መከላከያ ሚኒስትር በይፋ አመኑ። ይህ ሊሆን የቻለው ቦምቡ በወረቀት ላይ ስለተመዘገበ ነው። የጦር መሥሪያ ቤት ቦምብ ሲጥል ይቆጥራል፣ ቴሌግራም ይጽፋል፣ ይፈርማል። በሌላው ወገን፣ ከጭንብሉ ጋር ተያይዘው የሚነሱት ስሞች የእቴጌይቱ፣ የልዕልቲቱና የሌዲ ባርተን ናቸው። የጣለው ተቆጠረ፣ ያሰፋችው ተጠራች፣ የሰፋችው ግን እዚያው ጨርቁ ውስጥ ቀረች።

*

በኔ ሙያ ይህ አይሆንም። ኮድ ስንጽፍ እያንዳንዱ መስመር ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደጻፈው ይመዘገባል። ከአምስት ዓመት በፊት መሥሪያ ቤቱን ለቆ የሄደ ልጅ የሠራት አንዲት ስህተት እንኳ ስሙን ይዛ ትጠብቅሃለች። ልቃቂት ላይ ግን ፊርማ የለም።

እማማ ግን በዚህ አትስማማም። "ማን ፈተለው ብለህ ጠይቀኝ" ትላለች። ሦስት ልቃቂት ደርድሬ ጠይቄአታለሁ። አንዱን በጣቷ ትንሽ ሳብ አድርጋ "ይሄ የእሷ ነው፣ ታጠብቀዋለች"፣ ሌላውን "ይሄ የኔ"፣ ሦስተኛውን "ይሄን የፈተለው ሰው ቸኩሎ ነበር" አለች። ሦስቱም ትክክል ነበር። የቸኮልኩት እኔ ነኝ።

ሥራውን ለማያውቅ ልግለጸው። ጥጡ መጀመሪያ ፍሬው ይወጣል፤ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተደርጎ በብረት ዘንግ ይዳመጣል። ከዚያ በደጋን ይነደፋል፣ ይባዘታል፣ እንደ ደመና ይሆናል። ቀጥሎ በመዳፍ ተጠቅልሎ አመልማሎ ይሆናል። ፈትሉ የሚወጣው ከአመልማሎው ነው። ቀኝ እጅ እንዝርቱን ያሾራል፣ ግራ እጅ ጥጡን ይለቃል። ምስጢሩ ሁሉ በግራ እጅ ነው። ቶሎ ከለቀቅክ ይወፍራል፣ ከያዝክ ይበጠሳል። ይህን በቃል ማስረዳት አይቻልም። ብዙ ቪዲዮ አይቼ ሞክሬ አልሆነልኝም። የሆነልኝ እማማ እጄን ከላይ ይዛ "አሁን... አሁን... ልቀቀው" ስትለኝ ነው።

አንድ ላይ መቀመጥ ያስፈለገውም ለዚህ ይመስለኛል። እማማ ልጅ ሆና፣ እዚሁ ልደታ፣ በጭቃ ቤቶች መሃል የጋራ ግቢ ነበር። ከቡና በኋላ ሴቶቹ ዘንቢላቸውን ይዘው ይወጣሉ። ልጆች ሥራ የሚጀምሩት ፍሬ በመልቀም ነው። ከዚያ ማባዘት፣ ከዚያ መፍተል። የጀማሪ ፈትል ደግሞ ማዕረግ ነበረው። መጀመሪያ የምትፈትለው ወፍራምና ጉብ ጉብ ያለ ስለሆነ ለሸማኔ አይሰጥም፤ ሰም ተነክሮ ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ ይሆናል። ሲሻሻል ለቡሉኮ ይሆናል። ሲቀጥን ለጋቢ፣ በመጨረሻ ለነጠላ። ማንም ፈተና አይሰጥም፣ ሰርተፍኬት የለም። ፈትልሽ ወዴት እንደሚሄድ ስታዪ የት እንደደረስሽ ታውቂያለሽ።

በድሮው ሥርዓት ፈትል የእመቤትም የገረድም ሥራ ነበር። ወይዘሮዋም እንዝርት መያዝ አያሳፍራትም። ሽመና ግን የወንድ ሥራ ነው፣ ሸማኔውም ሲናቅ ኖሯል። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከአካባቢው መጥተው ሽሮ ሜዳ ዙሪያ የሰፈሩት ሸማኔዎች ከተማዋን አለበሷት፤ ከተማዋ ግን በሙያቸው ትሰድባቸው ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው ስድቡ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበረ ያሳያል። አዋጁ ወጣ፣ ስድቡ ቀረ ማለት ግን አይደለም።

ስለዚህ በ1928 ዓ.ም. መርፌ ይዘው የተቀመጡት ሴቶች ከየት ተማሩ ቢባል፣ አብዛኞቹ ከትምህርት ቤት ሊሆን አይችልም። የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት ከተከፈተ ገና ጥቂት ዓመቱ ነበር። የተማሩት ከእንዲህ ያለ ግቢ ነው። ሁለት ጨርቅ ሳይሸበሸብ እንዴት እንደሚገጥም፣ ስፌቱ እንዳይተረተር ጫፉ እንዴት እንደሚቀመቀም፣ ማነው ያስተማራቸው? አጠገባቸው የተቀመጠችው ናት። ማኅበሩ ሲመሠረት ሙያው አብሮ አልተመሠረተም። በየግቢው ተዘጋጅቶ ነበር የጠበቀው።

*

አማርኛ ለተጣፈ ልብስ "ድሪቶ" የሚል ቃል አለው። ቃሉ ሲነገር ድህነት ድህነት ይሸታል። "ድሪቶ ለባሽ" ስድብ ነው። ጽሑፍ እንኳ ከዚህም ከዚያም ተቃርሞ ሲወጣ "ደረተው" እንላለን። እማማ ቤት አንድ ድሪቶ አለ። የአባቴ የትምህርት ቤት ካኪ፣ የሟች አያቴ ኮት ገበር፣ የአቡጀዲ ዱቄት ከረጢት፣ የአክስቴ የክርስትና ልብስ ተሰፍተው አንድ አልጋ ልብስ ሆነዋል። እንግዳ ሲመጣ ከሥር ይገባል፣ ጋቢው ከላይ ይሆናል። ጋቢም ቢሆን እኮ አራት እጥፍ ሆኖ የተሰፋ ሸማ ነው፤ ልዩነቱ አንዱ ከአዲስ፣ ሌላው ከአሮጌ መሠራቱ ብቻ ነው።

ኮምፒውተር ላይ ብልሽት የምናስተካክልበትን ትንሽ ኮድ "ፓች" እንለዋለን፤ መጣፊያ ማለት ነው። ቃሉ ምሳሌያዊ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1944 ሥራ የጀመረው የሃርቫርድ ማርክ አንድ ኮምፒውተር ፕሮግራሙን የሚያነበው ከተበሳ የወረቀት ጥቅል ላይ ነበር። ስህተት ሲገኝ የተሳሳተው ቀዳዳ ላይ ወረቀት ይለጠፍበታል። የኔ ሙያ ቅድመ አያት ራሱ ድሪቶ ነበር ማለት ነው። እኔ ፓች ሠርቼ ደመወዝ እበላለሁ፣ እማማ ድሪቶዋን ከጋቢ ሥር ትደብቃለች።

አሜሪካ ውስጥ አላባማ የሚባል ግዛት ጊስ ቤንድ የተባለች የጥቁሮች መንደር አለች። ሴቶቹ የባሪያ ፈንጋይ እርሻ ላይ የነበሩ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው። ካለቀ የሥራ ሱሪና ከአሮጌ ቀሚስ የአልጋ ልብስ ይሰፋሉ፣ ቤቱ ስለሚበርድ። እ.ኤ.አ. በ1966፣ የመምረጥ መብት ትግል ሲጋጋል፣ የአካባቢው ሴቶች ፍሪደም ኪልቲንግ ቢ የሚባል የስፌት ኅብረት ሥራ አቋቁመው የሠሩትን መሸጥ ጀመሩ። በ2002 እ.ኤ.አ. ድሪቶዎቻቸው ሂዩስተን ከተማ በሚገኝ ትልቅ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቀሉ፣ እያንዳንዱም የሰፊዋን ስም ይዞ። ጨርቁ ያው የድሃ ጨርቅ ነው። የተለወጠው አንድ ሰው "ማን ሰፋው?" ብሎ መጠየቁና መልሱን መጻፉ ነው።

እኛም አገር የስፌትና የሽመና ሰዎች በኅብረት ሥራ ተደራጅተዋል። ደርግ በ1970 ዓ.ም. የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ካወጣ በኋላ ሸማኔዎች በማኅበር ታቅፈው ክር በጋራ ይቀበሉ ነበር። ፈታይዋ ግን ከዚህም ውጭ ናት፤ የምትሠራው ቤቷ፣ የምትሸጠው በልቃቂት ነው። ዛሬ ደግሞ ነገሩ ጠብቧል። "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" እንላለን፤ መርካቶ ብትሄዱ ግን ሸማኔው የሚገዛው ድር በአብዛኛው የፋብሪካ ነው። የሴት እጅ የቀረው በማጉ ውስጥ ነው። ሸማ ስትነኩ የሚለሰልሳችሁ ማጉ ነው።

*

ድሮ የነበረው የልደታ ግቢ አሁን የለም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ የነበረው ሰፈር ፈርሶ እነዚህ ፎቆች ተሠሩ። ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። መጸዳጃ ቤት ውስጥ፣ ውሃ ከቧንቧ፣ ከሰገነት ላይ ከተማ ማየት። አሁንም ወደዚያ የጭቃ ቤት እንመለስ የሚል ሰው አያሳምነኝም፤ ክረምት ላይ ጣሪያው ሲያፈስ ያደረ ያውቃል። ግን የጎረቤት ሰው ተበተነ። አንዱ ጀሞ፣ አንዱ ጎፋ፣ አንዱ ሌላ ቀበሌ ቤት። ዕድሩ ተረፈ፣ ምክንያቱም ዕድር መዝገብ አለው፣ ወርሃዊ መዋጮ አለው፣ ዳኛ አለው። ሰዎች ሁለት ታክሲ ይዘው ለቀብር ይመጣሉ። ፈትሉ ግን ሕግም መዝገብም ስላልነበረው በአንድ ክረምት ጠፋ። ሲጠፋ ማንም "ጠፋ" አላለም። እማማ እንዝርቷን አልጋ ሥር አስቀምጣ ለዓመታት ቴሌቪዥን አየች።

የተመለሰው በአጋጣሚ ነው። አንድ ሐዘን ላይ፣ በዚያ በረንዳ፣ ሁለት ሴቶች ተገናኝተው አንደኛዋ ለልጇ ሠርግ ጋቢ ልታሠራ ፈትል እንደሌላት ተናገረች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለት ሆነው ተቀመጡ። አሁን ሰባት ናቸው። ሁለቱ ወጣቶች ናቸው፤ አንዷ ባንክ ትሠራለች፣ የምትመጣው ጭንቀት ይለቀኛል ብላ ነው። ከትልልቆቹ መፍተል ተማረች፣ እሷ ደግሞ በስልክ ገንዘብ መላክ አስተማረቻቸው። የጥልፏ እናት በፊት ፈትል አያውቁም ነበር፣ ከእማማ ተማሩ። እማማ ደግሞ በስተርጅና ጥልፍ ጀመረች፣ አስቀያሚ ነው፣ ይስቁባታል።

በ2008 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው ባቡር ከልደታ ተነስታችሁ ኮካን ካለፋችሁ መጨረሻው ጦር ኃይሎች ነው። ጣቢያውም አካባቢውም ስሙን ያገኘው ከጦር ኃይሎች ሆስፒታል ነው። ሆስፒታሉ ግን እ.ኤ.አ. በ1951 ሲከፈት ስሙ የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ነበር። ልዕልቲቱ ከስደት በኋላ እንግሊዝ አገር ነርስነት ተምረው በ1939 ተመረቁ፣ ነፃነት ሲመለስ አገራቸው ገቡ፣ በ1942 እ.ኤ.አ. ነሐሴ ወር ነቀምቴ ላይ በወሊድ ምክንያት አረፉ። ገና 22 ዓመታቸው ነበር። ሲልቪያ ፓንክረስት ገንዘብ አሰባስበው ሆስፒታሉ ተሠራላቸው። ከአብዮቱ በኋላ ስሙ ተፋቀ። ዛሬ እዚያ የሚወርደው መንገደኛ "ጦር ኃይሎች ወራጅ!" ይላል፣ የማንን በር እያለፈ እንደሆነ አያውቅም።

ይህን ለጥልፏ እናት ነገርኳቸው። ልዕልት ሆነው፣ በስማቸው ሆስፒታል ተሠርቶላቸው እንኳ ስማቸው አልቆየም አልኳቸው። ክራቸውን በጥርሳቸው በጠሱና "ሆስፒታሉስ?" አሉኝ።

"አለ፣ ይሠራል።"

"እንግዲህ።"

ከዚያ ቀን በኋላ የሰባቱን ስም ዘርዝሬ ልጽፍ አሰብኩ። አንዳቸውም አልፈቀዱም። "የኔ ስም ምን ይሠራልሃል?" አለችኝ እማማ፣ "ከጻፍክ አፈታተሉን ጻፈው።" እሺ ብያታለሁ። ጥጡ እንዴት እንደሚዳመጥ፣ አመልማሎ ምን ያህል እንደሚወፍር፣ ግራ እጅ መቼ እንደሚለቅ፣ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እየጻፍኩ፣ እጃቸውንም እየቀረጽኩ ነው። በጽሑፍ እንደማይማሩት አውቃለሁ። ቢያንስ ግን ከመቶ ዓመት በኋላ አንዱ "ማን ሰፋው?" ሲባል እንደኔ አፉን ይዞ አይቀርም፤ እንዲህ ተቀምጠው፣ እንዲህ እየተማማሩ የሚሠሩ ሴቶች ነበሩ ይላል።

የኔ ፈትል አሁንም ጉብ ጉብ ይላል። ባለፈው ቅዳሜ እማማ ልቃቂቴን አንስታ ወደ ብርሃን አድርጋ አየችው። ለግንቦት ልደታ ጧፍ ይበቃል አለች።